አልጣሽ ድሮኑን የጣለችበት ሰዓት

አልጣሽ በወንጭፍ አውሮፕላን ጣለች ይባላል። ጅጋ ገበያ ወሬ ከጨው ስለሚረክስ፣ ማክሰኞ አንድ የነበረው አውሮፕላን ቅዳሜ ሁለት ደርሶ ነበር። ሦስተኛውን ልጨምር ስል ራሷ ነገረችኝና አፈርኩ። የጣለችው የሠርግ ቪዲዮ አንሺውን የናሁሰናይን ድሮን ነው።

ጥር ላይ ሠርግና ውቂያ ይገናኛሉ። ባሏ የሞተባት አልጣሽ ጤፏን ወቅታ ልታነሳ ስትል፣ ናሁሰናይ ሙሽሮቹን ከላይ ሊቀርጽ ድሮኑን አውድማዋ ላይ ዝቅ አደረገው። የድሮኑ ነፋስ የዓመት ቀለቧን አፈር ላይ በተነው። ነጠላዋን ዘርግታ ገለባ ስታሳድድ ቀረጻትና ዘፈን ጨምሮ ቲክቶክ ላይ ለጠፋት። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ያልሳቀ የለም። እኔም ስቄያለሁ፤ ምን ይደረግ።

አልጣሽ አልተሳደበችም። ከልጅነቷ ጀምሮ ከማሽላ ላይ ወፍ ስታባርር ያደገች ናት። ወንጭፏን አውርዳ ድንጋይ እየመረጠች ጠበቀችው።

በሳምንቱ ሌላ ሠርግ መጣ። ድሮኑ የስልክ አንቴናው አጠገብ ሲደርስ ሲግናሉ ተረበሸና አልታዘዝ ብሎ ሽቅብ ወጣ። ያን ጊዜ መሬት የሚለካ ትንሽ አውሮፕላን ከተራራው በኩል ብቅ አለ። አብራሪው አጋድሎ ለጥቂት አመለጠ። ሠርገኛው ትርኢት መስሎት እልል አለ። ድሮኑ ተመልሶ ዝቅ ሲል አልጣሽ ወነጨፈች። አንድ ድንጋይ በቃት።

አብራሪው አመልክቶ ኖሮ ሁለት መርማሪዎች መጡ። ናሁሰናይ «የእኔን ድሮን አልጣሽ ገና ጠዋት ሰብራዋለች፤ አውሮፕላኑ ያየው የሌላ ሰው ነው» አለ። ሠርገኛው ደግሞ «ጠላ ላይ ነበርን፣ አላየንም» ብሎ ተማማለ። እንግዲህ ናሁሰናይ መታሰርም መትረፍም በአልጣሽ አፍ ሆነ።

ከመርማሪዎቹ ቀድመው ሽማግሌዎች ደጇ ደረሱ። ናሁሰናይ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ተንበረከከ።

«አልጣሽ ልጄ» አሉ አባ ወልደ ዮሐንስ፣ «ሰዓቷን ትንሽ ወደ ኋላ ብትስቢያትስ?»

«አባቴ፣ የእኔን ጤፍ ማን ወደ ኋላ ሳበልኝ?»

«እትዬ፣ እክስዎታለሁ፤ ይማሩኝ!» አለ ናሁሰናይ ከድንጋዩ ሥር።

«እስቲ ቀና በል፣ ልቅረጽህ።»

አንዱ ሽማግሌ ሳቁን በሳል ሸፈነ። መርማሪዎቹ ሲመጡ አልጣሽ ሳትጠየቅ ተናገረች፦ «የሰበርኩት አውሮፕላኑ ካለፈ በኋላ ነው። ሊላተሙ ለጥቂት ሲተራረፉ በዓይኔ አይቻለሁ።»

ናሁሰናይን ይዘውት ሲሄዱ አባ ወልደ ዮሐንስ «በቀለኛ!» አሏት።

«በቀልስ በቀል ነው፤ መች ካድኩ» አለች። «ድንጋዩን ለእኔ ተሸከመ። ሰማይ ላይ ለነበሩትስ ከእናንተ ማን ሊሸከምላቸው ነው?»