እጇን የያዝኩባት ዕለት

ስፌት ማንም አላስተማረኝም። ድሬዳዋ ልጅ ሳለሁ የተጣለ የስፌት መኪና ፈትቼ ገጠምኩ፤ ከዚያ ወዲህ አልታዘዝህም ያለኝ ጨርቅ የለም። ሐርጌሳ ውስጥ ድሪያን፣ ያን ሰፊ የሴቶች ቀሚስ፣ እንደ እኔ የሚሰፋ ካለ ይምጣ። ኮድቡር ሰፈር ያለው መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ስፌት እንዳስተምር ሲጠራኝም አልተገረምኩም። የዘገዩት እነሱ ናቸው።

ያ ክፍል ዛሬም በሕልሜ ያየሁት ይመስለኛል። የከሰዓት ብርሃን አቧራው ውስጥ ይንሳፈፋል፤ መኪኖቹ ይንጫጫሉ፤ ጣቶች በዝምታ ይጨዋወታሉ። ከመምህርታቸው ሌላ የምሰማው እኔ ብቻ ነኝ፤ የማይገባኝም እኔ ብቻ።

አሥራ አራት ዓመት ገደማ የሆናት ልጅ ነበረች። እጇ የተባረከ፣ ጠባይዋ እሳት። አንድ ቀን የድሪያውን ጠርዝ አጣመመችው። ላርማት ስጠጋ ጣቶቿን ታወናጭፍብኝ ጀመር። «ቆይ!» ብዬ ሁለቱን እጆቿን ያዝኩና ጨርቁ ላይ ጫንኳቸው። እጆቿን መንጭቃ አስለቀቀችኝ፤ መቀሱን አንስታ ድሪያውን ለሁለት ሸረከተችው። ስቆጣት ዓይኗን ጨፈነች። እዚያ ቤት ከዚህ የባሰ ንቀት የለም፤ ቁጣ የሚገባው በዓይን ነዋ።

«ወይ ይቅርታ ትጠይቀኝ፣ ወይ ከክፍሌ ትውጣ!» አልኩ።

መምህርታቸው ጅጅጋ ያደገች ናት፤ አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል። «የቀደደችውን ራሷ ትጠግናለች፤ ይሄ የእኔ ሥራ ነው። ግን አባባ፣ እርስዎም አፏን አፈኗት እኮ!»

«እኔ? ወላሂ አፏን አልነካሁም!»

«እጇን ያዙባት። በምን ትናገር? በአፍንጫዋ?»

ሰባ ዓመት ሙሉ እንዲህ ያሳፈረኝ አልነበረም። ይቅርታ በምልክት እንዴት እንደሚባል ጠየቅኳት።

«ከእሷ ይማሩ። ቁጭ ብለው ይጠብቁ።»

ልጅቷ ፊት ለፊት ተቀመጥን። መምህርቷ አልነካቻትም፣ አላቻኮለቻትም። ብርሃኑ ከወለሉ ቀስ እያለ ግድግዳው ላይ ወጣ፤ የከሰዓቱ የአስር ሶላት አዛን ተሰማ። ያኔ ልጅቷ ዓይኗን ገለጠች። መምህርቷ የጠየቅኩትን በምልክት ነገረቻት፤ እኔም እጆቼን ዘረጋሁላት። ልትይዛቸው ፈልጋ መጀመሪያ በዓይኗ አስፈቀደችኝ፤ ከዚያ ጣቶቼን አንድ በአንድ አስተካከለች። የይቅርታውን ምልክት ደገምኩት። ሳቀችና ለመምህርቷ አንድ ነገር በጣቷ ነገረቻት።

«ምን አለች?»

«ጣታቸው ማገዶ ነው አለች።»

በመጀመሪያው ሙከራ ነው የቻልኩት፤ መምህርቷ በአራተኛው ነው ትላለች። ልጅቷ መርፌ ይዛ ድሪያውን መጠገን ጀመረች። አሁንም ጠርዝ ታጣምማለች። እኔም እጆቿ ተናግረው እስኪያርፉ አጠገቧ ቆሜ እጠብቃለሁ።