በአባቴ ቁመት የተሰፋው ሸሚዝ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ለምረቃው ሸሚዝ ሊገዛ ሲል አብሬው ወደ ከዚራ ሰፈር ሱቆች ወጣሁ። እንደኔው ከወገቡ በላይ ረጅም፣ እግሩ አጠር ያለ ነው። አንገቱ ልክ የሆነለት ሸሚዝ ሁሉ ወገቡ ላይ ያጥርበታል፤ እጁን ባነሣ ቁጥር ከሱሪው ይወጣል። ሻጩ "ፋሽኑ ነው አቦ!" አለኝ። ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ግን አባቴ ትዝ አለኝ።

በጃንሆይ ዘመን ሐረር አዳሪ ተማሪ ነበርኩ። አባቴ ድሬዳዋ የባቡር ጥገና ሠራተኛ ነበር፤ ቁጥብ ሰው። ለዕረፍት ስመጣ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚለኝ "ሸሚዝህን አስገባ" ነበር። ከጅቡቲ የሚመጡት ሸሚዞች እኔን አስበው የተሰፉ አልነበሩም፤ ባስገባቸውም ይወጣሉ። እሱም አካሉ እንደኔው ስለነበር ልብሱን የሚያሰፋው ከወንዙ ማዶ፣ መጋላ ሰፈር ነበር። እንደሚያፍርብኝ እርግጠኛ ነበርኩ።

ትምህርቴን በጨረስኩበት ክረምት ወባ ገደለው። ልቅሶው ላይ አክስቶቼ ልብሱን አንድ በአንድ እያነሡ አለቀሱ። እኔን እንባ እምቢ አለኝ። በአርባው ልብሱ በሙሉ ለነዳያን ተሰጠ፤ እንደ ወጉ። ብዙም ሳይቆይ የባቡሩ መሥሪያ ቤት ለቅጥር ቀርቤ እንድታይ ጠራኝ። እናቴና ታናናሾቼ ዓይናቸው እኔ ላይ ነበር፤ ካልተቀጠርኩ ቤታችን መበተኑ ነው። ባቡሩን የሚያስተዳድሩት ፈረንጆች ፊት የምቀርብበት ሸሚዝ ግን አልነበረኝም።

ስለዚህ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ መጋላ፣ የአባቴ ልብስ ሰፊ ወደነበረው ወደ አው ሙሜ ሄድኩ። ጎርፉ አልፎ አሸዋው ደርቋል፤ ከቀፊራ ገበያ በኩል የሳምቡሳ ዘይት ይሸታል። አው ሙሜ በረንዳው ላይ ይሰፋ ነበር። ሲያየኝ እግሩን ከስፌት መኪናው መርገጫ አነሣ። ሊለካኝ ነው ስል ከውስጥ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነጭ ሸሚዝ ይዞ ወጣ።

"ውሰድ። አባትህ ነው ያሰፋው።"

እጄን ሰበሰብኩ። "የሱን ልብስ ሰጥተን ጨርሰናል። እናቴም ብታየው አትችልም።"

"አቦ አንተ ደግሞ! የሱ ነው አልኩህ? ያንተ ነው! ልቅሶው ላይ ይዤ ብመጣ ከልብሱ ጋር ለድሃ ትሰጡት ነበር። ለዚህ ነው ያስቀመጥኩት።"

"ሳትለካኝ?"

"በሱ ለካሁ። 'ልጁ ሐረር ነው፤ ከወገብ በላይ እኔኑ ነው፣ እኔን ለካ' አለኝ። ትከሻው ላይ ቀንስ አለ፣ ገና ልጅ ነው ብሎ። ከታች ደግሞ አርዝመው፣ ሥራ ሊጠይቅ ሲቀርብ እጁን እንደልቡ ያንሣ አለኝ። ወላሂ፣ ያኔ ወባው ጀምሮታል። ላቡ ሜትሬን አረጠበው።"

ለበስኩት። ትከሻው ልክ ነበር። ሱሪዬ ውስጥ ከትቼ እጄን አነሣሁ፤ አልወጣም። እዚያው በረንዳ ላይ፣ መንገደኛው እያየኝ፣ ልቅሶው ላይ እምቢ ያለኝ እንባ መጣ። አው ሙሜ ወንበሩን ለቀቀልኝ።

በዚያ ሸሚዝ ቀርቤ ተቀጠርኩ፤ ጡረታ የወጣሁትም ከባቡሩ ነው። እናቴ ለማን እንደተሰፋ ስነግራት በእጇ ዳበሰችውና ራሷ ተኮሰችልኝ።

ዛሬ አባቴ ከሞተበት ዕድሜ ካለፍኩ ቆይቻለሁ። ወባ ይዞኝም ያውቃል፤ ሰው በዚያ ብርድ ውስጥ ሆኖ ከራሱ ሌላ እንደማያስብ አውቃለሁ። እሱ ግን እየተንቀጠቀጠ፣ መጋላ ድረስ በእግሩ ሄዶ፣ እጁን ለሜትሩ ዘርግቶ፣ እኔን ሆኖ ቆመ።