በጊዮርጊስ ቀን የሰመጠችው መኪና

የቢቸናው ባላባት አሜሪካ ሠራሽ መኪና ውብ ነበረች፤ ይህን አልክድም። ጥቁርና ረጅም፣ ግንባሯ በኒኬል ያሸበረቀ፣ ወንበሯ ቀይ ቆዳ ነበር። ውስጧ ለተቀመጠ ሰው የመንገዱ ጉርብጥብጥ አይሰማውም። ሆዷ ግን መሬት ሊነካ ጥቂት ይቀረዋል፤ ቤንዚኗም ከደጀን በበርሜል ይመጣላት ነበር።

ባላባቱ የአባቴን ርስት ይገባኛል ብለው ሞጣ ፍርድ ቤት ከሰውናል። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት፣ አባቴ ዝናቡ እንዳያመልጠው ሰግቶ በጊዮርጊስ ቀን በሬ ስለጠመደ፣ ባላባቱ በዓል ሻርክ ብለው ድንጋይ አሸክመው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አቁመውታል። ቆሜ አይቻለሁ።

የቀጠሮው ዕለት በጊዮርጊስ ቀን ዋለ። አባቴ አስቀድሞ በበቅሎ ሄዷል። እኔ ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት መጥቼ ነበርና፣ ባላባቱ ማለዳ መኪናዋን ደጃችን አስቁመው፣ «ነይ ግቢ። አባትሽ ርስቱን ሲያጣ የሚያጽናናው ሰው ያስፈልገዋል» አሉኝ።

ገባሁ። በቅሎዎቻቸውን እንደሸጡ፣ ከእንግዲህ በእንስሳ ጀርባ ሞጣ መግባት ለእርሳቸው ነውር እንደሆነ እየነገሩኝ ስንጓዝ፣ ሌሊቱን ዘንቦበት ያደረው ዋልካ ጎማዎቹን ዋጣቸው። ሾፌሩ ነዳጅ በሰጠ ቁጥር ይበልጥ ሰመጠች። ገበሬዎች መጥተው በእጃቸው ገፉ፤ ከክብደቷ የተነሣ አልተነቃነቀችም። ገበሬዎቹም የሚያውሷቸው በቅሎ አልነበራቸውም። ባላባቱ በሬ እንዲጠምዱ አዘዙ።

«ጌታዬ፣ ዛሬ ጊዮርጊስ አይደለም እንዴ?» አሉ አንድ ሽማግሌ፣ ጎንበስ ብለው።

ባላባቱ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። ይህ አጉል ልማድ መሆኑን ንገሪያቸው።»

«አባቴ ድንጋይ ሲሸከም እንዲህ ያለ ሰው አልሰማሁም» አልኳቸው።

በሩን ዘግቼ ቀዩ ቆዳ ላይ ተደላድዬ ተቀመጥኩ። በእውነት ይመች ነበር። በመስኮቱ መስተዋት በኩል፣ ባላባቱ ጭቃው ላይ ወዲያና ወዲህ ሲመላለሱ፣ ፀሐይ ከአናት አልፋ ስታዘቀዝቅ ተመለከትኩ። አልቸኮልኩም።

ሌሊቱን ከሽማግሌው ቤት አደርን። በማግስቱ በሬዎቹ ተጠምደው መኪናዋን ሲጎትቱ አባቴ ከሞጣ ሲመለስ ደረሰብን። ከሳሽ ተጠርተው ባለመቅረባቸው ክሱ ተሰርዟል። በአገራችን ባላባት ያጋጠመው ሰው ከበቅሎው ወርዶ እጅ ይነሣል። ባላባቱ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው፣ እንዲወርድ ጠበቁት።

አባቴ ከበቅሎው ሳይወርድ እጅ ነሣቸው። ከዚያም እኔን ከኋላው አፈናጠጠኝ።