የእኅቴ የገበያ ክታብ

ታላቅ እኅቴ አንገቷ ላይ በቀይ ቆዳ የተሰፋች፣ ከአውራ ጣት የማትበልጥ ክታብ ነበረቻት። ገበያ የምትጠራ ክታብ ናት ይባላል። የጻፉላትም አባታችን ናቸው። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ከክታቧ ይልቅ ይሄኛው ነው።

አባታችን በዲማ የቅኔ መምህር ነበሩ። ክታብ መጻፉን ያውቁበታል እንጂ እንጀራቸው አላደረጉትም። እኅቴ ከባሏ ተፋትታ ባዶ እጇን ስትመለስ ግን አንጀታቸው አልችል አለ። ደጀን ላይ ሱቅ ስትከፍት ብራና ፍቀው፣ የክርስትና ስሟን አስገብተው ጻፉላት። በዓመቱ እኔም ከመንገዱ ማዶ፣ ፊት ለፊቷ የራሴን ሱቅ ከፈትሁና ዲማ ወርጄ ለመንኋቸው።

«አይሆንም ልጀ» አሉኝ። «የነፍስ አባቴ ገዝተውኛል። ያች የመጨረሻየ ናት።»

«ለሷ ሲሆን ግዝቱ የት ነበር፣ አባየ?»

«አንች ባል አለሽ» ብለው ወደ ዳዊታቸው ተመለሱ።

የዓባይን በረሃ ጨርሶ የወጣ አውቶቡስ ደጀን ሲደርስ ተሳፋሪው ጉሮሮው ደርቆ ነው የሚወርደው። የሚወርደው ደግሞ እኅቴ ደጅ ነው። የምንሸጠው አንድ ነው፤ ያው ለስላሳ፣ ያው ብስኩት፣ ያው ሳሙና፣ ከአንድ አከፋፋይ የመጣ። እሷ ሰው ታስተናግዳለች፣ እኔ ዝንብ እሽ እላለሁ። አንዴ አንድ ሰውዬ ዋጋ ጠይቆኝ፣ ከሷ ቀንሼ ነግሬው፣ መንገዱን ተሻግሮ ከሷ ገዛ። ለምን ብለው «የዚያኛው ይቀዘቅዛል» አለኝ። ፍሪጅ የሚባል ነገር እሷም እኔም አልነበረንም፤ ሁለታችንም ጠርሙሱን የምንዘፈዝፈው ከአንድ ቧንቧ በተቀዳ ውኃ ነው። ያን ቀን እርር ድብን ብዬ ምሳም አልበላሁ።

ክታቧ ታዲያ ሕግ ነበራት። ካንገት ከወለቀች አለቀላት። አስከሬን ያለበት ቤት ከገባችም ትረክሳለች፣ ገበያውም ተመልሶ ላይከፈት ይዘጋል። ሕጉን የነገሯት አባታችን ናቸው፤ እኛም ሰማን፣ አገሩም ሰማ። ስለዚህ እኅቴ ደጀን ውስጥ ማንም ቢሞት የምትደርሰው አስከሬኑ ከቤት ከወጣ በኋላ ነው። የእድሩን መዋጮ ከሁሉ ቀድማ ትከፍላለች፣ ጤፍ ትልካለች፣ ስኳር ትልካለች። ሴቶቹ ጤፉንም እያቦኩ ያሟታል። እኔ አንድም ልቅሶ አያመልጠኝም። ደረቴን እየመታሁ በልቤ ግን፣ ምነው እኔ ባጠለቅኋትና እኔን ባሙኝ እል ነበር።

አባታችን ሲታመሙ ሱቄን ዘግቼ ሄድሁ። ዘጋሁትም አልዘጋሁት ለውጥ አልነበረውም። አጥሚት አጠጣቸዋለሁ፣ ገላቸውን አጥባቸዋለሁ፣ አገላብጣቸዋለሁ። እኅቴ በየሳምንቱ እስከ ቢቸና በመኪና፣ ከዚያ በእግሯ ትመጣለች፤ ብርቱካን ይዛ፣ አንዴም አዲስ ብርድ ልብስ ይዛ። ጎረቤቱ «አቤት ልጅ» ይላል። የምትቀመጠው በሩ ጋ ነው፣ እጇ አንገቷ ላይ።

«ትንፋሻቸው እንዴት ነው?» ትለኛለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ምነው ቸኮልሽ፣ እታለም?» እላታለሁ።

የፈራችው ገብቶኛል። እሷ እቤት ውስጥ እያለች ቢያርፉስ? አባታችንም ገብቷቸዋል። ገና አረፍ ሳትል፣ ዓይናቸውን በግድ ገልጠው «በይ ሂጅ ልጀ፣ ሳይመሽብሽ» ይሏታል። ጊዜው ገና እኩለ ቀን ነው። ሞት ደጃቸው ቆሞ እሳቸው የሚጨነቁት ለሷ ገበያ ነበር። እኔን አንድ ቀን «ሂጅ» ብለውኝ አያውቁም። እኔ ብሄድ የሚቀርብኝ ነገር እንደሌለ ያውቁ ነበር መሰለኝ።

አንድ ጠዋት እግራቸውን እያሸሁ አረፉ። እኅቴ ዘንድ ሰው ተላከ። በድናቸው ተገንዞ፣ እኔ ራስጌያቸው ተቀምጬ ሳለሁ፣ በተከፈተው በር አሻግሬ አጥሩ ጋ ስትደርስ አየኋት። ቆመች። እጇ ወደ አንገቷ ሄደ። ዘመዱም፣ ተማሪውም፣ ካህናቱም የክታቧን ነገር የማያውቅ የለምና ልቅሶው ረገብ አለ።

እዚያው ቁሚ አልሁ በልቤ። ሱቅሽን ይዘሽ እዚያው ቁሚ። ሁሉን ወስደሻል፣ ይችን እንኳ ተይልኝ። አባቴን ብቻዬን ላልቅሳቸው።

ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባች። ክታቧ አንገቷ ላይ እንዳለች ነው። ደረታቸው ላይ ተደፋች፤ ቀይዋ ቆዳ መግነዙ ላይ ተንጠለጠለች። «አባየ፣ ይኸው መጣሁ» አለች። ቤቱ እንደ አዲስ በልቅሶ ተናጠ። አንዲት አሮጊት «ሀብቷን ለአባቷ ጣለች» አሉ። ያች ቃል ከቀብር ሳንመለስ ዲማን ሞላች፣ ሳልስቱ ሳይወጣ ደጀን ደረሰች። ዛሬም የአባት ፍቅር በተነሳ ቁጥር ለልጆች የምትጠቀሰው እሷ ናት። እኔ ማጠቤ፣ ማገላበጤ ማንንም ትዝ አላለውም።

ገበያዋ ከዚያ በኋላ ተዘጋ ወይ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። አውቶቡሱ አሁንም እሷው ደጅ ነው የሚቆመው።

በገበያው የቀናሁትስ ይሁን፣ ለምጄዋለሁ። ያን ቀን የቀናሁት ግን አልወጣልኝም። እሷ ለአባቴ የምትጥልላቸው ነገር ነበራት፤ የሰጧትም ራሳቸው ናቸው። ለእኔ የምጥልላቸው እንኳ አልሰጡኝም።