ቤቱ በስሜ የዞረ ዕለት

ባሌን የፈታሁት ጣሊያን ደብረ ማርቆስ በገባ በዓመቱ ነው። ሁለቱ ነገር አይገናኝም፤ ወሬኛ ግን አገናኝቶታል። በአገራችን ወግ ሴት ከትዳር ባዶ እጇን አትወጣምና ሽማግሌዎች ተቀምጠው እኩል አካፈሉን። ከብቱም እህሉም በሰላም አለቀ። ድስቱ ላይ ስንደርስ ግን ተጣላን፤ ሽማግሌዎቹም ሲመራቸው ድስቱን ለእኔ፣ ክዳኑን ለእሱ ፈረዱ። ያንን ክዳን ይዞ ሲሄድ ከኋላው አየሁትና ሳቄ መጣ።

የደረሰኝን ሸጬ ከከተማው ዳር አንዲት ሣር ክዳን ቤት ከነጓሮዋ ገዛሁ። የሸጡልኝ ልጅ የሌላቸው አሮጊት ነበሩ፤ ዲማ ገዳም ገብተው ሊመነኩሱ ተነሥተዋል። ውላችን እንደ ደንቡ በደብራችን ወንጌል ላይ ተጻፈ። የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቁት ገበዝ ራሳቸው ብዕር አንሥተው፣ ከገጹ ኅዳግ ላይ፣ ሻጯን፣ ገዢዋን፣ አዋሳኙን፣ እማኞቹን ዘረዘሩ። መጨረሻ ላይ ግዝት ጨመሩበት። ይህን ውል ያፈረሰ፣ ቤቱን ከገዢዋ ስም ያወጣ፣ ሹምም ቢሆን፣ ባልም ቢሆን፣ ወንድምም ቢሆን፣ የተወገዘ ይሁን። እኔም ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል ብዬ ገብቼ ቁጭ አልኩ።

ለካ ይፈለጋል። ጣሊያን አዋጅ አስነገረ፤ ቤት ያለው ሁሉ ከቢሮ ካርታ ያውጣ፣ ካርታ የሌለው ቤት ለመንግሥት ይሆናል ተባለ። በዚያው ሳምንት አንድ የጣሊያን ሹፌር ጓሮዬ ገብቶ፣ ጎመኔን እየረገጠ፣ ለመኪና ማቆሚያ በእርምጃ ሲለካ አገኘሁት። ያን ጊዜ ፈራሁ። አባቴ ቤት ብመለስ ሳምንት ሳይሞላ ሌላ ባል ይፈልጉልኛል፤ ከዚያች ጎጆ በቀር በዓለም ላይ የእኔ የምለው ቦታ አልነበረኝም።

ቢሮ ሄድኩ። ጣሊያናዊው ሹም ከጠረጴዛው ኋላ ያጨሳል፤ አጠገቡ አስተርጓሚ ቆሟል።

«ሻጯ ትቅረብ» አለ አስተርጓሚው።

«መንኩሰዋል» አልኩ። «ፍትሐት ተደርጎላቸዋል፤ ለዓለም ሙት ናቸው።»

ይህን ተረጎመለት። ሹሙ ራሱን ነቅንቆ አንድ ነገር ተናገረ።

«የሞቱበትን ወረቀት አምጪ ይላል።»

«ኧረ አልሞቱም! ትናንትና ሽሮ ልኬላቸዋለሁ።»

ሹሙ ይህ ሲነገረው ግንባሩን በመዳፉ ያዘ። ከዚያ ወሰነ። ሻጯ ካልመጣች ዋናው ውል ይምጣ፤ ግልባጭ አይቻልም፤ ውሉም ተመርምሮ እስኪያልቅ ስምንት ቀን ቢሮ ያድራል። ልወጣ ስል አስተርጓሚው ጠራኝ።

«ካርታው ላይ የወንድ ስም የሚጻፍበት ቦታ አለ። ባል ወይም ወንድም ይዘሽ ነይ።»

«ባል የለኝም። ወንድምም የለኝም።»

«ፈልጊያ!» አለኝ፣ ዶሮ ፈልጊ እንደማለት አቅልሎ።

ገበዙ ዘንድ ሄጄ ይኸን ሁሉ ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ጢማቸውን አሻሹ።

«ዋናው ይምጣ አለ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«አዎን አባቴ።»

«ይሄዳላ። ግን ወንጌል ሲሄድ እንደ ወጉ ነው።»

እንደ ወጉ ሄደ። ሁለት ዲያቆናት ጃንጥላ ዘረጉ፣ አንዱ ቃጭል ያዘ፣ ገበዙ ወንጌሉን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው በደረታቸው አቀፉት፣ ካህናቱ ተከተሉ። በገበያው መሀል ስናልፍ ሰው ሚዛኑን እየጣለ ይከተለን ጀመር፤ ሴቶቹም ነገሩ ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ እልል አሉ። አንድ እስላም ነጋዴ ከሱቁ ወጥቶ በአክብሮት ቆሞ ነበርና ሳልፍ «የማን ሠርግ ነው?» አለኝ። «የቤቴ» አልኩት።

ቢሮው በር ላይ ጠብመንጃ የያዙ አስካሪዎች፣ ለጣሊያን ያደሩ የሐበሻ ወታደሮች፣ ነበሩ። የእኛን ብዛት ሲያዩ ጠብመንጃቸውን አነሡ፤ ወንጌሉን ሲያዩ ግን ጠብመንጃውን አጥሩ ላይ አስደግፈው ለመሳለም ተሰለፉ። እነሱም የማርያም ልጆች ናቸው። ሹሙ ጫጫታውን ሰምቶ ሲወጣ ግቢው በሕዝብ ሞልቷል፣ ጠባቂዎቹ ባዶ እጃቸውን ናቸው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ውሉን ይዘው ነው» አለው አስተርጓሚው ቶሎ ብሎ።

«አስቀምጠው ይሂዱ!»

«እሺ፣ ይቀመጣል» አሉ ገበዙ። «ግን ወንጌል ባለበት ቤት በጫማ አይገባም፣ ትንባሆ አይጨስም፣ እኛ ካህናቱም ጥለነው አንሄድም። ስምንት ነን። ማደሪያችንን ያሳዩን።»

ሹሙ እጁ ላይ ያለውን ሲጋራ አየ፣ ጫማውን አየ፣ ስምንቱንም ካህናት አንድ በአንድ አየ። ከዚያ አሁኑኑ እዚሁ ይነበብ አለ።

ወንጌል ተከፍቶ ቃሉ ሳይነበብ ውል ብቻ አይነበብም። ዲያቆኑ «ቁሙ!» አለ፤ ሹሙ ወንበር ሊያመጡለት ሲል አስተርጓሚው ጆሮው ላይ አንድ ነገር ሹክ አለውና እሱም ቆመ። ገበዙ ምዕራፉን በግእዝ ከዳር እስከ ዳር በዜማ አወረዱት። ፀሐዩ መሀል አናት ነው። ከዚያ ወደ ውሉ መጡ፤ ግዝቱን ሲጨርሱ ግቢው በሙሉ «አሜን!» አለ፣ አስካሪዎቹም «አሜን!» አሉ። ሹሙ ደግሞ በአገሩ ክርስቲያን ነውና ቆቡን አውልቆ «አሜን» አለ።

ጠረጴዛ ወጥቶ ካርታው ተዘረጋ።

«የወንዱ ስም?» አለ አስተርጓሚው።

ይህን ጊዜ የቀድሞ ባሌ ከሕዝቡ መሀል ብቅ አለ። ወሬውን ሰምቶ ጋቢውን አሳጥቦ ነው የመጣው።

«እኔ አለሁ» አለ። «ለስሙ ያህል ነው እንጂ ቤቱ የእሷው ነው።»

 ስሙ እዚያ ከሰፈረ ጎጆዬ እንደ ድስቱ ክዳን ተይዛ ልትሄድ ነው። ገበዙ ወንጌሉን ሳይዘጉ ቀና አሉ።

«አንተ፣ ቅድም አሜን ስትል ድምፅህ ከሁሉ በላይ ነበር። ባልም ቢሆን የሚለውን አልሰማኸውም?»

እንደ አመጣጡ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ብሎ ሕዝቡ ውስጥ ጠፋ። ሹሙ ምንድነው ነገሩ አለ። አስተርጓሚው ላቡን እየጠረገ፣ ግዝቱን ከሥሩ፣ ሹምም ቢሆን ከሚለው ጋር፣ ተረጎመለት። ሹሙ ወንጌሉን አየ። ከዚያ አማተበና፣ ስሜን ከነአባቴ ጠይቆ፣ በወንዱ ቦታ ላይ እኔን ጻፈ። ማኅተሙንም መታ። በዚያ ካርታ ላይ እስከ ዛሬ ወንድ ነኝ።

ስንመለስ ገበዙ ወንጌል ከወጣ አይቀር ቤቱን ባርከን እንለፍ አሉ። ያ ሁሉ ሰው ተከትሎን ደጄ ደረሰ። በሩ ክፍት ነበር፤ እሳቸው ግን ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«ባለቤቷ፣ እንግባ?»

አባቴ ቤት ሰው ሲገባ አባቴ ነው የሚጠየቀው። ባሌ ቤት ባሌ። እኔን በዕድሜዬ ሙሉ ልግባ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረምና፣ ምን እንደሚመለስ ጠፋኝ።  ካህናቱ ይጠብቃሉ፣ ሕዝቡም ይጠብቃል።

«ልጄ፣» አሉ ገበዙ ቀስ ብለው፣ «ይህ ወንጌል ከባድ ነው፤ ወይ ፍቀጂ ወይ ከልክይ።»

«ግቡ፤ ቤቴ ነው» አልኩና ያ ሁሉ ሰው እያየኝ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።