ግማሽ ዙር

በአንድ ሙቀጫ ውስጥ ሁለት ዘነዘና ሲፈራረቅ የሚሰማው ድም፣ ድም የሚል ድምፅ አሁንም አልፎ አልፎ ከጎረቤት ግቢ ይመጣብኛል፣ በመጣም ቁጥር መጀመሪያ የማስበው ምን እንደሚወቀጥ ሳይሆን ከሁለቱ የትኛዋ ቀድማ እንደምትደክም ነው።

ያደግሁት ነቀምቴ ነው። አባቴ ከሸዋ መጥቶ በሁለት ሰው መጋዝ ሣንቃ እየሰነጠቀ ይኖር ነበር፤ እናቴ ስትሞት እትዬ በላይነሽን አገባ፣ እሷም እኩያዬን ልጇን አስቴርን ይዛ ገባች። መስከረም አልፎ በርበሬው ሲደርቅ እኔና እትዬ በላይነሽ ፊት ለፊት ቆመን እንወቅጥ ነበር። አስቴር ደረቷን ያማታል እየተባለ ጓዳ ተቀምጣ ታነብ ነበር። ደረቷ የሚያማት በሥራ ሰዓት ብቻ መሆኑን ከእኔ በቀር የታዘበ አልነበረም፣ ወይም ታዝቦ ዝም ብሏል።

ስምንተኛ ክፍል ስንገባ አባቴ፣ «ሁለታችሁም ትምህርት ቤት ከዋላችሁ ቤቱን ማን ይይዘዋል? በጥር ወር ፈተና የበለጠችው ትቀጥላለች፣ ሌላዋ ትቀራለች» አለ። እትዬ በላይነሽ ቶሎ ስለተስማማች ጠረጠርኩ።

ኅዳር ላይ ወጣቱ የሳይንስ መምህራችን ገመድ ከመስኮት ብረት ጋር አስሮ እያወዛወዘ ስለ ሞገድ ያስተምረን ጀመር። «ፌዝ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ሲጠራ ክፍሉ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም። አንድ ሞገድ በዙሩ ውስጥ የት እንደደረሰ የሚናገር ነው፣ ሁለት ሞገዶች እኩል እየፈጠኑም አንዱ ከሌላው ወደ ኋላ ሊቀር ይችላል፣ እኩል እስከፈጠኑ ድረስ ያ ልዩነት አይለወጥም ብሎ ሲያስረዳ ብዙዎቹ ግራ ገባቸው። እጄ ግን ነገሩን ቀድሞ ያውቀው ነበር።

ፈተናው ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ የአንዷ ዘነዘና ላይ ሲሆን የሌላዋ ታች ነው፣ ልዩነታቸው ግማሽ ዙር ነው፤ አንዷ ጥቂት ብትፈጥን ወይም ጥቂት ብትዘገይ ልዩነቱ እየጠበበ ሄዶ ዘነዘናዎቹ ይጋጫሉ። አስቴር ከጎኔ ተቀምጣ ነበር። ወረቀቶቻችን ሲታረሙ በአንዲት ቃል እንኳ አልተለያዩም።

መምህሩ ወላጅ አስጠራ። እትዬ በላይነሽ ነጠላዋን አስተካክላ፣ «ከእኔ ጋር የምትወቅጠው አስቴር ናት፣ ይቺኛዋ ሥራ ሲባል ትጠፋለች» አለች። አባቴ አጠገቧ ቆሞ መሬት መሬት ያይ ነበር።

«እንግዲያው እዚሁ ከእኔ ጋር ትወቅጥ» አልኩ።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሚስት ሙቀጫና በቆሎ አመጣችልን። ጀመርን። አስቴር ዘነዘናውን አንዴ ታስቸኩላለች፣ አንዴ ትጎትታለች፣ ሴትየዋም «ሱታ፣ ሱታ፣ ቀስ በሉ እንጂ! ይቺ ልጅ የያዘችው እስክርቢቶ ነው እንዴ?» እያለች ትስቅባት ነበር። ስምንተኛው ምት ላይ ይመስለኛል፣ ዘነዘናዎቹ ሙቀጫው አፍ ላይ ተጋጩ፣ የአስቴር ጣት በመሃል ገባ። እትዬ በላይነሽ «ኢንተላ ኮ! ልጄን!» ብላ ሮጠች። መምህሩ የአስቴርን ውጤት ሰረዘ።

በልጉ ሲገባ እትዬ በላይነሽ ለሰፈሩ ሁሉ «ሆን ብላ ነው የቀጠቀጠቻት» ስትል ከረመች። አንድ ቀን ከሰዓት አባቴ መጋዙን እየሞረደ ጠራኝ።

«ልጄ፣ መጋዝ እንጨት ውስጥ የሚታነቀው አንዱ ሲቸኩል ብቻ አይደለም፣ አንዱ ያዝ ሲያደርገውም ነው።»

«አባባ፣ እኔ አልፈጠንኩም» አልኩት።

«ፈጠንሽ አላልኩሽም እኮ» አለና ወደ ሞረዱ ተመለሰ።

ክረምቱ አልፎ ትምህርት ሲከፈት አስቴር ጥፍር በሌለው ጣቷ ደብተር ይዛ ሄደች፣ እኔ ቤት ቀረሁ። የበለጠችው ትቀጥላለች ያለው አባቴ ቃሉ የት እንደገባ ሳይነግረኝ ሞተ።

አስቴር አሁን ጡረታ የወጣች መምህርት ናት። በበዓል ስትመጣ ለልጅ ልጆቿ «በትምህርት ከእኔ ትበልጥ ነበር» ትላቸዋለች፤ ምን ፈልጋ እንደሆነ እስካሁን አልደረስኩበትም። ያኔ መምህሩም፣ እትዬ በላይነሽም፣ አባቴም ይመረምሩኝ ነበር፣ እኔም የምመልሰውን ጠንቅቄ አውቅ ነበር። ዛሬ የሚጠይቀኝ የለም፣ ያን ቀን ዘነዘናዬን ያዝ አድርጌው እንደሆነ ብጠየቅ የምመልሰውንም እንደያኔው አላውቀውም።