ማንም የማይጠራው የአገውኛ መልእክት

እንጅባራ ላለ አንድ ክሊኒክ ሲስተም እንሠራ ነበር፤ እኔና አንዲት የዳንግላ ልጅ። ሲስተሙ ለነፍሰ ጡር እናቶች የቀጠሮ ማስታወሻ በስልክ ይልካል፤ ለከተሜዎቹ በአማርኛ፣ ለገጠሮቹ በአገውኛ። ኮድ ስንጽፍ የሚያግዘን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት ነበረን። እሷ ወደደችው። እኔ ግን ጠረጠርኩት፤ ሲያውቅም ሲሳሳትም እኩል ልቡ ሞልቶ ነው የሚናገረው።

አንድ ቀን «ኮድ መመርመሪያ እንጫንለት» አለችኝ። «የትኛው የኮድ ክፍል የትኛውን እንደሚጠራ፣ ማለትም እንደሚያሠራ፣ አይቶ ለረዳቱ ይነግረዋል። ከዚያ በኋላ በግምት አይሠራም።»

«የእናቶቹን ስልክ ቁጥርስ ወዴት ይልከዋል?»

«የትም! እዚሁ ላፕቶፑ ላይ ነው የሚሠራው።»

አላመንኳትም። የእናቶቹን መረጃ ከላፕቶፑ አወጣሁ፤ መመርመሪያው ከተጫነ በኋላም ዋይፋዩን አጠፋሁበት። መመርመሪያው ያለ ኔትወርክም ኮዱን ከዳር እስከ ዳር አነበበው። ሳቀችብኝ።

ኔትወርኩን መልሰን ከረዳቱ ጋር ስናገናኘው ረዳቱ ወዲያው አንድ ነገር አለን፦ የአገውኛውን መልእክት የሚያዘጋጀውን ክፍል ማንም አይጠራውም፤ ላጥፋው?

«አየሽ ውሸቱን!» አልኩ። «ይኼ እኮ በየቀኑ የሚሠራ ነው።»

«እንሞክረዋ።»

የራሴን ቁጥር እንደ አንዲት የአዘና ገጠር እናት አድርጌ፣ ቋንቋውን አገውኛ ብዬ አስገባሁ። መልእክቱ ደረሰኝ። በአማርኛ ነበር።

የቀድሞዎቹን ለውጦች ወደ ኋላ ስንፈትሽ ለካስ የአገውኛውን ክፍል የሚጠራውን መስመር የቆረጠው ረዳቱ ራሱ ነው፤ ከሳምንታት በፊት ኮዱን ላሳምር ብሎ። ራሱ ቆርጦት ራሱ ሊቀብረው!

ወደ ክሊኒኩ አንጋፋ ነርስ ደወልኩ። «ሲስተር፣ ከገጠር የሚመጡት እናቶች ሰሞኑን ቀጠሮ ይቀሩብዎታል?»

«በጣም እንጂ! ዝናቡ ነው ብለን ተውነው» አሉኝ።

«ዝናቡ አይደለም፤ መልእክቱ በማያነቡት ቋንቋ እየሄደ ነው።»

መስመሩን በእጄ መለስኩት። ሲስተር ደግሞ የቀሩትን በየስልካቸው እየደወሉ በአገውኛ ጠሯቸው። ከጥሊሊ ማዶ የመጣችው አንዷ እግሯ አብጦ፣ ደም ግፊቷ ጨምሮ ተገኘች። ያኔውኑ ወደ ሆስፒታል ተላከች፤ እዚያው በሰላም ተገላገለች።

ሲስተር ይህን ሲነግሩን ባልደረባዬ ዞር ብላ «አሁንስ አመንከው?» አለችኝ።

«መመርመሪያውን አዎ» አልኳት። ረዳቱ ያቀረበልንን አዲስ ለውጥ ከፍቼ ከመጀመሪያው መስመር ማንበብ ጀመርኩ።